የሄፍት ፔንሲዮን እንግዶችና የነሐሴው ውል

ጣሊያን መረብን ተሻግሮ አገራችንን ዳግም የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም 2018 ድፍን 90 ዓመት ሞላው። የወልወል ግጭት፣ የጄኔቭ ክርክር፣ የክተት ነጋሪት፣ ማይጨው፣ የአምስት ዓመቱ የአርበኞች ተጋድሎ፤ ይህን ሁሉ አንባቢ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀዋልና አልደግመውም። ዛሬ የማነሣው ከዚያ ጦርነት ዋዜማ አንድ ቤትና አንድ ውል ነው። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናውያን ባልና ሚስት የያዙት ፔንሲዮን ነው። ውሉ ደግሞ የኢትዮጵያን ግማሽ ያህል መሬት ለነዳጅ ፍለጋ ለ75 ዓመት የሚሰጥ ነበር። ውሉ የተፈረመው በዚያ ቤት ውስጥ አይደለም። ነገር ግን ዓለም እስከ ዛሬ ውሉን እንደ ቧልት የሚያስታውሰው ከዚያ ቤት እንግዶች አንዱ እንዲያ አድርጎ ስለጻፈው ነው። እኔ ግን ነገሩ ቧልት አልነበረም እላለሁ።

ዝይ፣ አሳማና የቆዳ ሽታ

በ1927 ክረምት ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በየጉዞው ጋዜጠኛ ያራግፍ ነበር። ሦስት ቀን የሚፈጀው ባቡር ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ አዲስ አበባ ሲደርስ ከለንደን፣ ከፓሪስ፣ ከኒውዮርክ የመጡ ዘጋቢዎች ካሜራቸውንና የጽሕፈት መኪናቸውን አሸክመው ይወርዳሉ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ቁጥራቸው ከመቶ አለፈ። ያን ጊዜ ኢምፔሪያል ይባል የነበረው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሞልቶ፣ እንግዶቹ አንዱን ክፍል ለሁለትና ለሦስት መጋራት ጀመሩ። ጫጫታው የሰለቻቸውና ዘግይተው የደረሱት ወደ አነስተኞቹ ማረፊያዎች ዞሩ።

ከእነዚህ አንዱ ዶይቸስ ሃውስ ይባል ነበር። ባለቤቶቹ ሚስተር ሄፍትና ማዳም ሄፍት ናቸው። ባልየው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ታንጋኒካን ሲይዙ አገር ለቀው ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ጀርመኖች አንዱ ነበር። ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በጓሮ መንገድ ላይ የቆመ፣ ግቢ ያለው፣ ንጹሕና ርካሽ ማረፊያ ነበር። ያረፈበት ሁሉ ስለ ንጽሕናውና ስለ ምግቡ ጥሩ ቃል ትቶለታል።

ግቢው ውስጥ ሁለት ዝዮች ነበሩ። የገባውን ሁሉ፣ ቤተኛም ይሁን እንግዳ፣ አንገታቸውን አስግገው ያባርራሉ። ሚስተር ሄፍት አርዳቸዋለሁ እያለ ይዝት ነበር፤ እንግዶቹ አገር ለቀው ሲሄዱ ግን ዝዮቹ በሕይወት ነበሩ። አሳማውን ግን አርዶታል። ማዳም ሄፍት ያን አሳማ ለብዙ ቀን የሚበቃ ቋሊማ አድርጋ እንግዶቿን አጠገበች። በምግብ ሰዓት ባልየው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ የሚስቱን ወጥ ቤት የሚነቅፍ ቃል እንዳይወጣ ጆሮውን ያቆማል፤ ሳህኑን ሳይጨርስ የተወ እንግዳ ካየ ምን ጎደለ ብሎ ይጠይቃል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሩሲያዊ ልዑል የከፈተው ቆዳ ማልፊያ ነበር። ነፋሱ ወደ ቤቱ ሲዞር ሽታው ስለሚከብድ እንግዶቹ መስኮት ዘግተው በየአቅጣጫው ይበተናሉ። አንዳንድ ቀንም ጥሬ ቆዳ የጫነ የጭነት መኪና በራፉ ላይ ቆሞ ይውላል።

እንግዶቹ እነማን ነበሩ? ዋናው ኢቭሊን ዎ ነው። ደራሲ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 31 ዓመት። በጥቅምት 1923 በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይም መጥቶ ነበር። አሁን የላከው ዴይሊ ሜይል ነው፤ ጋዜጣው ለጣሊያን የሚያደላ ነበር፤ ዎም ስለ ኢትዮጵያ ያለው አመለካከት ከአሠሪው የራቀ አልነበረም። ሁለተኛው የኢቭኒንግ ስታንዳርዱ ፓትሪክ ባልፎር ነው። ሦስተኛው የኒውስ ክሮኒክሉ ስቱዋርት ኤመኒ። አራተኛው የሞርኒንግ ፖስቱ ዊልያም ዲድስ፤ የ22 ዓመት ወጣት። አለቆቹ ጦርነቱ ረጅም ይሆናል ብለው 270 ኪሎ ግራም ያህል ጓዝ ጭነው ሰደውታል። ከዕቃው መካከል ምስጥ እንዳይበላው ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ ሣጥን ነበር። ዲድስ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ሚኒስትርና የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ እስከ 94 ዓመቱ ኖሯል፤ ያን ዘመንም በመጽሐፍ ጽፎታል።

ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን አምጥቻለሁ ያለው ሰው

ዎ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አብሮት የተጓዘ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ስሙ ፍራንሲስ ሪኬት ነው። በአገሩ የፈረስ አደን ማኅበር መሪ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ የተፈታ ሰው ነበር። ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት ለአቡኑ የሚደርስ የቤተ ክርስቲያን ርዳታ እንደያዘ ይናገራል። ነገር ግን መርከብ ላይ ረጃጅም የምስጢር ቴሌግራሞች ይደርሱት ነበር፤ ስለ አደን ውሾቹ የተጻፈ ነው እያለ ወደ ኪሱ ይከታቸዋል።

ዎ ጠርጥሯል። ሪኬት የሚኖርበትን አካባቢ ለሚያውቁ ወዳጆቹ ወደ እንግሊዝ አገር ጽፎ ስለ ሰውየው ጠየቀ፤ የመሣሪያ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ነበረው። መልሱ እስኪመጣ ግን አልጠበቀም። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ከተማዋ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ የፔንሲዮኑን ክፍል ትቶ ከባልፎር ጋር ወደ ድሬዳዋ ወረደ፣ ሐረር ወጣ፣ ከዚያም ጅጅጋ ሄደ።

ጅጅጋ ላይ ዕድል የቀናቸው መሰለ። ደ ሮክፎይ የሚባል ለረጅም ጊዜ አገራችን ውስጥ የኖረ ፈረንሳዊ ካውንት በስለላ ተጠርጥሮ ተይዟል። ሁለቱ ጋዜጠኞች ሌላው ዘጋቢ ሁሉ ያላገኘውን ወሬ ይዘናል ብለው ተደስተው ቴሌግራማቸውን ላኩ።

በዚያው ሰሞን ሪኬት አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ጨረሰ። ነሐሴ 24 ቀን 1927 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ውሉ ተፈረመ። ከዚያ ሪኬት ራሱ ወሬውን ለሁለት ሰዎች ብቻ ሰጠ፤ ለዴይሊ ቴሌግራፉ ሰር ፐርሲቫል ፊሊፕስና ለአሶሽየትድ ፕሬሱ ጂም ሚልስ። በማግስቱ ዓለም ስለ ሌላ ነገር አላወራም። የጅጅጋው ካውንት ወሬ ከነመኖሩም ተረሳ። ዴይሊ ሜይል በሌላ ጋዜጣ መቀደሙን እየገለጸ ለዎ የወቀሳ ቴሌግራም ላከበት። ከሰውየው ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ አብሮት በልቶ ጠጥቶ፣ የዓመቱን ትልቅ ወሬ ያጣው እሱ ሆነ።

ለአራት ቀን የኖረው ውል

ውሉ የተሰጠው በአሜሪካ ለተመዘገበ አፍሪካን ኤክስፕሎሬሽን ኤንድ ዴቨሎፕመንት ኮርፖሬሽን ለሚባል ኩባንያ ነው። ከኋላው የቆመው ስታንዳርድ ቫኪዩም የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ነበር። መሬቱ የአገሪቱ ምሥራቃዊ ግማሽ ነው፤ ኦጋዴንን ይዞ ከጣሊያን ሶማሊያ ድንበር ተነሥቶ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሶማሊያ በኩል አልፎ እስከ ኤርትራ ወሰን ይደርሳል።

የጣሊያን ጋዜጦች ይኸው እንግሊዝ ስለ ሕግና ስለ ሰላም የምትጮኸው ለነዳጅ ኖሯል ብለው ተነሡ። የሪኬት ዜግነት እንግሊዛዊ መሆኑ ለክሳቸው ተመቻቸው። ለንደን ደነገጠች፤ አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሚኒስትር ሰር ሲድኒ ባርተን ውሉ እንዲቀር ንጉሠ ነገሥቱን እንዲመክር ታዘዘ። ዋሽንግተንም ከዚህ ጦርነት መራቅ ፈልጋ ነበርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል በኩባንያው ላይ ጫና አደረገ። ነሐሴ 28 ቀን ኩባንያው ከውሉ መውጣቱ ተነገረ። ከፊርማ እስከ መሻር አራት ቀን።

እንግዲህ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ አፈ ጮሌ ተታለው የአገራቸውን ግማሽ ፈረሙ፤ ጄኔቭ ላይ የነበራቸውንም ንጹሕ ስም አቆሸሹ ይላል። በለዘብታ የሚናገሩትም «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ብለው ያልፉታል። ሌላው ወገን ደግሞ ውሉ በጥንቃቄ የታሰበ የመከላከያ እርምጃ ነበር ይላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ካርታውን እንይ። የተሰጠው መሬት የጣሊያን ጦር ከሶማሊያ በኩል ሲነሣ የግድ የሚረግጠው ነው። ነዳጅ ይኑር አይኑር ገና ያልተረጋገጠበት፣ ነገር ግን ወራሪው የሚያልፍበት ምድር ነው። ድንበሩን የሚገፋ ባላጋራ ያለበት ገበሬ መሬቱን ለጉልበተኛ ጎረቤት በእኩል እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በሙሶሊኒና በአገራቸው መካከል የአሜሪካን ጥቅም ሊያቆሙ ፈለጉ።

ቀኑም ይናገራል። የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት የኢትዮጵያንና የጣሊያንን ጉዳይ ለማየት የተሰበሰበው ነሐሴ 29 ነበር። ውሉ የተፈረመው ከዚያ አምስት ቀን ቀድሞ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለተዋጊ አገሮች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን የገለልተኝነት ሕግ የፈረመው ደግሞ ነሐሴ 25፣ ወሬው በጋዜጣ በወጣበት በዚያው ዕለት ነው። መሣሪያ የምንገዛበት በር በሁሉም በኩል እየተዘጋ ነበር። በዚህ ሰዓት የቀረው አንድ መንገድ የኃያል አገር ባለገንዘብ በመሬታችን ላይ ጥቅም እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ይህ መንገድ ለንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አልነበረም። እንግሊዝና ጣሊያን በ1918 ስለ ጣናና ስለ ባቡር መስመር ከጀርባችን ተስማምተው በተገኙ ጊዜ፣ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ጄኔቭ ላይ አቤት ብለው ከማስቆማቸው በላይ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው የጣናን ግድብ ሥራ ጄ.ጂ. ዋይት ከተባለ ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩበት አድርገዋል። ቅኝ ግዛት አጠገባችን የሌላትን አገር ገንዘብ አምጥቶ ቅኝ ገዥ ጎረቤቶችን መመከት የቆየ ዘዴያቸው ነው። በ1927ም አጠገባቸው የነበረው የገንዘብ አማካሪ ኤቨረት ኮልሰን አሜሪካዊ ነበር፤ የዋሽንግተንንና የኒውዮርክን ነገር የሚያውቅ ሰው። እንዲህ ያለ አማካሪ ይዘው፣ እንዲህ ያለ ልምድ ይዘው፣ በአንድ መንገደኛ ተታለሉ ማለት ለማመን ይከብዳል።

ዘዴው አልሠራም፤ ይህ እውነት ነው። አሜሪካ ጥቅሟን ለመጠበቅ ከመምጣት ይልቅ ጥቅሙን መተው መረጠች። ነገር ግን ያልተሳካ ሁሉ ሞኝነት አይደለም። ነሐሴ 1927 ላይ የነበረ ማንም መሪ አሜሪካ በአራት ቀን ውስጥ የግማሽ አገር ነዳጅ ትታ ትሄዳለች ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር።

ያጣውን በልቦለድ ያገኘው እንግዳ

ታዲያ ውሉ ለምን እንደ ቧልት ይታወሳል? መልሱ ወደ ሄፍት ፔንሲዮን ይመልሰናል።

ዎ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጦርነቱ የጉዞ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1938 ደግሞ «ስኩፕ» የተባለውን ልቦለድ። ልቦለዱ በእንግሊዝኛ ስለ ጋዜጠኝነት ከተጻፉት ሁሉ ዝነኛው ነው፤ እስከ ዛሬ ይታተማል፤ በጋዜጠኞች ዘንድ ይጠቀሳል። ኢሽማኤልያ የተባለች የፈጠራ የአፍሪካ አገር ውስጥ የማዕድን ሀብት ለመያዝ የውጭ ሰዎች ይሻኮታሉ። ማዕከሉ ላይ አንዲት ጀርመናዊት የምታስተዳድረው ፔንሲዮን አለ፤ ግቢው ውስጥ አሳማና ፍየል አለ። አንባቢ ማዳም ሄፍትን ወዲያው ይለያታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በልቦለዱ ሌሎቹ ጋዜጠኞች ሁሉ የሌለ ከተማ ፍለጋ ከዋና ከተማዋ ወጥተው ይሄዳሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊልያም ቡት ግን ፔንሲዮኑ ውስጥ ይቀራል፤ በመቅረቱም ትልቁን ወሬ ብቻውን ያገኛል። በእውነተኛው ሕይወት የሆነው ተቃራኒው ነው። ደራሲው ፔንሲዮኑን ትቶ ጅጅጋ ሄደ፤ የቀሩት ወሬውን አገኙ። ዎ በሕይወቱ ያጣውን በልቦለዱ ለራሱ መለሰ። ያን ሲያደርግ ደግሞ የውሉን ነገር ሁሉ ወደ ቀልድ ለወጠው፤ የኛ መንግሥት ጭንቀት፣ ስሌትና ተስፋ የአጭበርባሪዎች ጨዋታ ሆኖ ቀረ። እንደ ልቦለድ ጸሐፊ መብቱ ነው። እኛ ግን ልቦለዱን እንደ ታሪክ መቀበላችን ልክ አይደለም።

በዚያው ወቅት ከዎ በተለየ ዓይን ያየን ጋዜጠኛ መኖሩንም መዘንጋት የለብንም። የታይምሱ ጆርጅ ስቲር በ25 ዓመቱ መጥቶ፣ ከፕሬስ ቢሮው ኃላፊ ከሎሬንዞ ታዕዛዝና ከሌሎች ወጣት የኢትዮጵያ ሹማምንት ጋር ተወዳጅቶ፣ እስከ መጨረሻው ቆየ። የጻፈው «ቄሳር በአቢሲንያ» የኢትዮጵያን ወገን ድካምና ክብር የሚያሳይ ነው። ነገር ግን ዓለም የሚያነበው «ስኩፕ»ን ነው።

ከዚያ በኋላ

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ የፔንሲዮኑ ሕይወት ብዙ የሚተረክ የለውም። ዝናቡ አባራ፤ እንግዶቹ የጦር ግንባር ለመሄድ ፈቃድ እየጠየቁ ይጠብቃሉ። ወደ ፕሬስ ቢሮ ይሄዳሉ፣ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ይሄዳሉ፣ ለእራት ይመለሳሉ። ዎና ኤመኒ አንድ ጊዜ ሳይፈቀድላቸው የጭነት መኪና ይዘው ወደ ደሴ ተነሡ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ተይዘው ተመለሱ። ፈቃዱ የመጣው ኅዳር ላይ ነው፤ ያኔ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ደሴ ወረዱ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን የቀይ መስቀል ጓድ በቦምብ ነደደ። ወሬ የለም ብለው ያማርሩ የነበሩት የለንደን ጋዜጦች ግን ያን ጊዜ ብዙዎቹን ዘጋቢዎቻቸውን ወደ አገራቸው መጥራት ጀምረው ነበር። ዎም ከተመለሱት አንዱ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ከተማዋ ለሦስት ቀን ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮናቸው ግቢ ተጠለሉ። ስቲር በዚያ ሁከት መካከል እንግሊዝ ሌጋሲዮን ውስጥ ሚስት አገባ። ሚያዝያ 27 ባዶሊዮ ገባ። ዎ በዚያው ዓመት ክረምት ተመልሶ መጥቶ ግራዚያኒን አነጋገረ፤ ስለ ወራሪዎቹም በአድናቆት ጻፈ። በልቦለዱ የሳቅነውን ያህል ይህንንም አንርሳ።

የነሐሴው ውል ያነሣው የኦጋዴን ከርሠ ምድር ግን በዚያ አላበቃም። በ1960ዎቹ ቴኔኮ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱም የመንግሥት ለውጡም ኩባንያውም እየተፈራረቀ ሲንከባለል ቆይቶ፣ በመስከረም 2018፣ ወረራው 90 ዓመት በሞላበት ወር፣ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ።

ከሪኬት ውል የምንወስደው ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የ1927ቱ ውል በምስጢር ተፈረመ፤ ለሕዝቡም ለዓለምም ምክንያቱን የነገረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ወሬውን ያወጣው ባለጉዳዩ ሪኬት ነው፤ ትርጉሙን የሰጠው ደግሞ ወሬው ያመለጠው አንድ እንግዳ። ዛሬ የሚፈረመው የማዕድንና የጋዝ ውል ሙሉ ቃሉ በአማርኛም በሶማልኛም ታትሞ ለአገሬው ሰው ይድረስ። የተሰጠው ምንድን ነው፣ ለማን፣ ለስንት ዓመት፣ ለምን ተብሎ በራሳችን ሰዎች ይጻፍ። ያን ካደረግን ከ90 ዓመት በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ የአገሩን ውሳኔ ለመረዳት የእንግሊዝ ልቦለድ መግለጥ አያስፈልገውም።